«ውስጤ አልወደደውም» መቼ ይታመናል?

ሁለት ምክሮች በአንድ ስልክ ላይ እየተጋጩ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ካሉት ካፌዎች በአንዱ የተቀመጠ ሰው ቲክቶክ ሲከፍት «ውስጥህን ስማ፣ ልብህ አይዋሽህም» የሚል አነቃቂ ንግግር ይሰማል። ጣቱን አንዴ ወደ ላይ ሲገፋ «ስሜትህን ተወው፣ ቁጥሩን ብቻ ተመልከት» የሚል የገንዘብ አማካሪ ይመጣለታል። ሁለቱም በእርግጠኝነት ይናገራሉ፤ ሁለቱም ብዙ ተከታይ አላቸው። ሰሚው ግን ለአፓርታማ ቅድመ ክፍያ ይክፈል ወይስ ይጠብቅ፣ አክሲዮኑን ይያዝ ወይስ ይሽጥ፣ ለዓመታት የሠራበትን መሥሪያ ቤት ይልቀቅ ወይስ ይታገሥ የሚለው ላይ እንደቆመ ነው።

ጥያቄው በአዲስ አበባ መሃል ከወትሮው የከበደበት ምክንያት አለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ነገር ተገለባብጧል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ነዋሪውም ነጋዴውም የት ልሂድ፣ ምን ልጀምር የሚለውን በአጭር ጊዜ መወሰን ነበረበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ለቀቀ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በቴሌብር ለሕዝብ ሽያጭ ቀረበ፤ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፈተ። አብዛኛው ሰው ከእነዚህ አንዱንም ቀድሞ የመወሰን ዕድል አልነበረውም፤ «አንተ ስትገዛ እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ታላቅም የለውም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ውስጣዊ ስሜትን ማመን ይገባል ወይ? ጥናቱም ልምዱም የሚያመለክቱት ወደ አንድ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ስሜቱ የተማረው የት ነው? በተማረበት ቦታ ይታመናል፤ ከዚያ ውጭ ከግምት አይሻልም።

ስሜቱ ከየት ይመጣል?

ባለሙያዎች ኢንቱይሽን የሚሉት ምክንያቱን መዘርዘር ሳንችል በቅጽበት የምንደርስበትን ፍርድ ነው። «በምን አወቅክ?» ሲባል «እንጃ፣ ብቻ ቀልቤ አልወደደውም» የሚያሰኘው ማለት ነው። ከደመ ነፍስ ይለያል። ደመ ነፍስ ይዘነው የምንወለደው ነው፤ ይኼኛው ግን የተማርነው ነው፤ መቼና እንዴት እንደተማርነው ግን አናስታውስም።

በ1978 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኸርበርት ሳይመን ነገሩን ከምሥጢርነት አውጥቶ «ለይቶ ማወቅ» አደረገው። ሳይመንና ባልደረባው ዊሊያም ቼይስ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የቼዝ ጌቶች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደን ሰሌዳ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አይተው አብዛኞቹን ጠጠሮች በየቦታቸው መመለስ ችለዋል። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲደረደሩ ግን ብልጫቸው ከሞላ ጎደል ጠፋ። የበለጠ የማስታወስ ኃይል ኖሯቸው ቢሆን በሁለቱም በበለጡ ነበር። የነበራቸው በሺዎች ከሚቆጠሩ ጨዋታዎች የተጠራቀመ የቅርጾች ትዝታ ነው፤ ያንን ቅርጽ የማይመስል ነገር ሲገጥማቸው እንደማንኛውም ሰው ናቸው።

ሌላው ብዙ የሚጠቀስ ታሪክ የመጣው ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋሪ ክላይን ከ1980ዎቹ ጀምሮ የእሳት አደጋ አዛዦች እንዴት እንደሚወስኑ ሲያጠና፣ አንድ የክሊቭላንድ አዛዥ የወጥ ቤት ቃጠሎ ለማጥፋት ከገባበት ቤት ሰዎቹን በድንገት «ውጡ!» ብሎ እንዳወጣቸው ነገረው። እንደወጡ ወለሉ ተደረመሰ፤ ዋናው እሳት ከእግራቸው በታች፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር። አዛዡ ያዳነን ስድስተኛ ስሜት ነው ብሎ ያምን ነበር። ክላይን ግን ደጋግሞ ሲጠይቀው ፍንጮቹ አንድ በአንድ ወጡ፦ ሙቀቱ ለወጥ ቤት እሳት በዛ፣ ድምፁ ከሚጠበቀው በታች ነበር፣ ውኃ ሲረጭበትም እንደ ልማዱ አልበረደም። የሚያውቀው ዓይነት እሳት አልነበረም፤ ሰውነቱ ይህን ከአፉ ቀድሞ አወቀ።

የተቃዋሚዎች ስምምነት

በሌላ ወገን ያሉት ተመራማሪዎች ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ማስረጃ ሲሰበስቡ ኖረዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፖል ሚል በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የባለሙያዎችን ግላዊ ፍርድ ከቀላል የስሌት ቀመር ጋር አነጻጽሮ፣ ቀመሩ በአብዛኛው እኩል ወይም የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ አሳየ። ሌሎች ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት ተሳታፊዎች ፊት አንድ የዕድል መንኮራኩር አሽከረከሩ፤ መንኮራኩሩ 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ከዚያም ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ስንት በመቶው የአፍሪካ አገሮች እንደሆኑ ጠየቁ። 10 የወጣላቸው በአማካይ 25 በመቶ፣ 65 የወጣላቸው 45 በመቶ ብለው ገመቱ። (ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት የሚኖር አንባቢ እኔ አልሸወድም ይል ይሆናል። በዚህ ጥያቄ ላይሸወድ ይችላል፤ በሚቀጥለው ግን ይሸወዳል።) ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ቁጥር ግምትን ወደ ራሱ ይጎትታል ማለት ነው፤ ይህም መልሕቅ የመጣል ስህተት ይባላል።

የሚገርመው ክላይንና ካህነማን ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው በ2009 እ.ኤ.አ. በጋራ አንድ ጽሑፍ ማውጣታቸው ነው። ልዩነታችንን እንጻፍ ብለው ጀምረው በዋናው ነጥብ ተስማሙ። የባለሙያ ስሜት የሚታመነው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው አሉ። አንደኛ፣ ሥራው የሚካሄድበት ዓለም በቂ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል፤ ተመሳሳይ ምልክት ተመሳሳይ ውጤት የሚያመጣበት። ሁለተኛ፣ ሰውየው ያንን ሥርዓት በረጅም ልምምድ የመማርና ስህተቱን ቶሎ የማወቅ ዕድል ሊኖረው ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ የዓመታት ብዛት ስሜቱን የበለጠ ትክክል አያደርገውም። ባለቤቱ ራሱን የበለጠ እንዲያምን ብቻ ያደርገዋል። የአነቃቂ ንግግሮቹ ትልቁ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው፦ በራስ መተማመንን የትክክለኛነት ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል።

ቡና ቀማሹና የቤት ደላላው

ልዩነቱን ከከተማችን ሁለት ሙያዎች ማየት ይቻላል፤ ሁለቱም «ዓይቼ አውቃለሁ» የሚሉ ናቸው።

የቡና ቀማሽ ሥራ እንዲህ ነው። ናሙናው ሳይከርር ለብ ለብ ተደርጎ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በየስኒው ይደረግና የፈላ ውኃ ይፈስበታል። ዱቄቱ ላይ ላዩን ቅርፊት ይሠራል። ቀማሹ ደቂቃዎች ጠብቆ ቅርፊቱን በማንኪያ ሰብሮ አፍንጫውን ወደ እንፋሎቱ ያስጠጋል፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ ጨልፎ በሚሰማ ድምፅ ይስበውና ምላሱን ሁሉ ካዳረሰ በኋላ ይተፋዋል። ያረጀ፣ የሻገተ ወይም ሲዘጋጅ ከልክ በላይ የተብላላ ቡና አፉ ውስጥ ሳይቆይ ይታወቀዋል። ከየት አካባቢ እንደመጣ፣ በታጠበው መንገድ ወይም በደረቁ እንደተዘጋጀ ለመናገርም ብዙ አይቸገርም። ይህ ፍርድ የሚታመንባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ጣዕሙ ከቡናው ጥራት ጋር ቋሚ ግንኙነት አለው። ናሙናው በኮድ ስለሚቀርብ የማን ቡና እንደሆነ አይታወቅም። አጠገቡ ያለው ቀማሽ ያንኑ ቀምሶ የራሱን ነጥብ ይሰጣል፤ ከተራራቁ ወዲያው ይታያል። በቀን ብዙ ስኒ፣ በዓመት እጅግ ብዙ ስኒ፣ እያንዳንዱም ከነእርማቱ።

የቤት ዋጋ ግምት ደግሞ ሌላ ነው። ደላላው ቤት ውስጥ ሁለት ዙር ዞሮ «ይኼ እንዲህ ያወጣል» ይላል፤ ንግግሩም እንደ ቀማሹ ፈጣንና እርግጠኛ ነው። ዳሩ ግን በ1987 እ.ኤ.አ. በአሪዞና ቱሳን ከተማ የተደረገ ጥናት ለየት ያለ ነገር አሳይቷል። የቤት ሽያጭ ወኪሎች አንድ ቤት በአካል ጎብኝተው ትክክለኛ ዋጋውን እንዲገምቱ ተደረገ፤ ከሚሰጣቸው መረጃ ውስጥ ለየቡድኑ የተለያየው ሻጩ የጠየቀው ዋጋ ብቻ ነበር። ከፍ ያለ መጠየቂያ ዋጋ ያዩት ከፍ አድርገው፣ ዝቅ ያለ ያዩት ዝቅ አድርገው ገመቱ፤ አብዛኞቹ ግን የተጠየቀውን ዋጋ ከግምት እንዳላስገቡት ተናገሩ። የሚዋሹ አልነበሩም፤ ስሜታቸው ከቤቱ የመጣ መስሏቸው ነበር።

በእኛ ከተማ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የሽያጭ ውል ላይ የሚሰፍረው ዋጋና በእጅ የተከፈለው አንድ ያልሆኑበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ዋጋ የሚያውቁት ሁለቱ ወገኖችና ደላላው ናቸው። ደላላውም የሚከፈለው ግምቱ ልክ ሲሆን አይደለም፤ ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ለዓመታት በሥራው የቆየ ደላላ በአንድ ነገር እውነተኛ ጥበብ ያካብታል፦ ገዢው ምን ያህል ጓጉቷል፣ ሻጩ ምን ያህል ተቸግሯል የሚለውን በማወቅ። በዚህ እርማቱ የዕለት ነው፤ ወይ ኮሚሽኑን ይቀበላል ወይ ገዢው ያመልጠዋል። ሰው ያነባል ማለት ይቻላል፤ ገበያውን ያነባል ማለት ግን ሌላ ነው። ሁለቱ የሚምታቱበት ገዢ ብዙ ነው።

ይህን መለየት ለሌላውም ሙያ ያገለግላል። የክላይን ባልደረቦች የጨቅላ ሕጻናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶችን ሲያጠኑ፣ ልምድ ያላቸው ነርሶች የደም መመረዝ የያዘውን ሕጻን የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ እንደሚለዩ አገኙ፤ ከጠቀሷቸው ምልክቶች አንዳንዶቹ በጊዜው በሕክምና ጽሑፎች ያልሰፈሩ ነበሩ። «ይህ ልጅ ደስ አላለኝም» የምትል ነርስ በጥቁር አንበሳም በሌላም ሆስፒታል ልትደመጥ ይገባል። ያቺው ነርስ ግን የትኛው ባንክ አክሲዮን እንደሚያዋጣ ቀልቧ ቢነግራት ቀልቧ ስለዚህ የሚያውቀው ነገር የለም።

ዓለሙ ሲለወጥ

የተማረ ስሜትም ሊያረጅ ይችላል። የምንዛሪው ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ለዓመታት ባንክ ያለው ተመን በአስተዳደር ሲወሰን፣ ነጋዴው የውጭ ዕቃ ዋጋን በሁለት ቁጥሮች ማለትም በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል እያመላለሰ ማስላት ለምዶ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ በባንክ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ወር «ይኼ ዋጋ አልመሰለኝም፣ ይወርዳል» ብለው የጠበቁ አሉ፤ «አሁን ካልገዛሁ» ብለው የተጣደፉም አሉ። የሁለቱም ስሜት የተሠራው በሌለ ዓለም ውስጥ ነበር።

የሰፈር መፍረስም እንዲሁ ነው። ፒያሳ ላይ ዕድሜውን የሸጠ ነጋዴ ደንበኛ ከደጅ ሲገባ ይገዛል አይገዛም የሚለውን ከአረማመዱ ያውቃል። አዲስ በተዛወረበት የከተማ ዳርቻ ሱቅ ግን መንገደኛው ሌላ ነው፣ የገበያው ሰዓት ሌላ ነው፣ ዱቤ የሚጠይቀውም የማይታወቅ ሰው ነው። አንዳንዱ እውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ ለምሳሌ ዕቃ መምረጥ፣ ከአስመጪ ጋር መደራደር። ስለ ቦታው ያለው እውቀት ግን ፒያሳ ቀርቷል። ያስቸገረው ሁለቱም ውስጡ ሲናገሩት አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው መሆኑ ነው፤ የትኛው እንደቀረና የትኛው እንደተከተለው የሚነግረው ምልክት የለም። በአዲሱ ቦታ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ጀማሪ ቆጥሮ ዕቃ በትንሽ በትንሹ ማስገባት ከዚህ የተነሣ ምክንያታዊ ነው፤ ፈሪነት አይደለም።

የተከለከለው ተከራይ

እርማት ከሚጠፋባቸው ቦታዎች ሁሉ በጣም አሳሳቢው የሰው ምርጫ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ ስለሌለበት ተከራይ መምረጥ ለአከራይ ከበፊቱ የከበደ ውሳኔ ሆኗል። በር ላይ ቆመው አንድ ጊዜ አይተው «ይኼኛው አላማረኝም» የሚሉም አሉ። ያላማራቸው ምኑ እንደሆነ ሲመረመር አንዳንዴ እውነተኛ ፍንጭ ይገኛል፤ ለምሳሌ የት እንደሚሠራ ሲጠየቅ የሚለዋወጥ መልስ። ብዙ ጊዜ ግን አነጋገሩ፣ ስሙ፣ አለባበሱ ወይም የትውልድ አካባቢው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ዘዴ በዝምታ ይሠራል። የተከለከለው ተከራይ ጥሩ ይሁን መጥፎ አከራዩ መቼም አያውቅም። የገባው ተከራይ ጥሩ ከሆነ «ልቤ ነግሮኝ ነበር» ይባላል፤ መጥፎ ከሆነም «መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር» ይባላል። ስህተቱ የሚመዘገብበት መዝገብ የለም። የሰው ኃይል ክፍሎችም በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ናቸው፤ ከሰንጋ ተራ እስከ ስታዲየም በተደረደሩት ሕንጻዎች በየቀኑ ኢንተርቪው ይደረጋል፤ ያልተቀጠረው ሰው ሌላ ቦታ ምን እንዳደረገ ተመልሶ የሚያይ ግን ማን አለ? ሃያ ዓመት የጠየቀ ጠያቂ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ይመስለዋል። እርማት የደረሰው ግን ከቀጠራቸው ብቻ ነው፤ እሱም ከፊሉ።

ለዚህ ነው «አላማረኝም» ስለ ዕቃ ሲሆንና ስለ ሰው ሲሆን እኩል መታየት የሌለበት። መኪና ሳይገዙ መቅረት የሚያስከፍለው ገዢውን ነው። ስለ ሰው ሲሆን ግን የተሳሳተ ስሜት ዋጋውን የሚከፍለው ሌላው ነው፤ ስሜቱ የመጣው ደግሞ ከራስ ልምድ ሳይሆን ከሠፈር ወሬና ከጊዜው ፖለቲካ ሊሆን ይችላል።

ፍርሃት ነው ወይስ ማወቅ?

ውስጣዊ ስሜት በሰውነት በኩል ይመጣል የሚለው ሐሳብ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። የነርቭ ሳይንቲስቱ አንቶኒዮ ዳማሲዮና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ በአራት የካርታ ክምሮች ባደረጉት ሙከራ፣ ተጫዋቾች የትኛው ክምር እንደሚያከስር ማስረዳት ከመቻላቸው በፊት እጃቸው ወደ መጥፎው ክምር ሲሄድ ያልበው እንደነበር በመሣሪያ ታየ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ግን ተጫዋቾቹ በደንብ ሲጠየቁ ከተገመተው በላይ ያውቁ እንደነበር አሳይቶ ግኝቱን አለዝቦታል። ሰውነት ይሳተፋል ማለት ይቻላል፤ ከአእምሮ ቀድሞ ሁሉን ያውቃል ማለት ግን አይቻልም።

በማኅበራዊ ሚዲያ «ቀልብ ረጋ ያለ ነው፣ ፍርሃት ደግሞ ጩኸታም ነው» የሚል መለያ በሰፊው ይሰራጫል። መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ጭንቀት ያለበት ሰው ሆዱ የሚፈራው በሁሉም ነገር ነው፤ ቀድሞ የተጎዳ ሰው ደግሞ የሚጎዳውን ሰው «ረጋ ባለ ስሜት» ሊመርጠው ይችላል፤ ስለለመደው ብቻ። ከስሜቱ አመጣጥ ውጭ በድምፁ ብቻ መለየት አይቻልም።

«ዛሬ ካልገባህ ያመልጥሃል» የሚሉ ሰንሰለታማ የገንዘብ ዘዴዎች የሚጫወቱትም በዚህ ላይ ነው። የሚያውቁት ዘመድ አስቀድሞ ገብቷል፣ የመጀመሪያው ክፍያ በሰዓቱ ተከፍሎታል፣ አዳራሹ ሞልቷል፤ ቀልብ ከዚህ በላይ የሚጠይቀው ነገር የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው የአበው አባባል ለዚህ ሳይሆን አይቀርም እስከ ዛሬ የቆየው።

ማሰብ ሲበዛ

ይህ ሁሉ «ስሜትህን ተወው» የሚሉትን ወገን ትክክል የሚያደርግ ሊመስል ይችላል፤ አያደርግም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ለቤታቸው ፖስተር መርጠው እንዲወስዱ ተደረገ፤ ከፊሎቹ ከመምረጣቸው በፊት ምክንያታቸውን እንዲጽፉ ታዘዙ። ከሳምንታት በኋላ ሲጠየቁ ምክንያት የጻፉት በምርጫቸው ያነሰ ደስተኛ ነበሩ። በቃል ለመግለጽ የሚቀለውን ነገር መርጠው፣ የሚወዱትን ትተው ነበር። የመውደድ ጉዳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የትኛው ሰፈር ሲገቡበት ይመቻል፣ ከማን ጋር መዋል ደስ ይላል፣ ስሜቱ ራሱ ማስረጃው ነው፤ ሊለካ የተፈለገው እሱ ነውና።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጌርድ ጊገረንዘር ደግሞ ወደፊት የሚሆነው በማይሰላበት ዓለም ቀላል ደንብ ከረቀቀ ስሌት ይሻላል ብሎ ይከራከራል። ከደጋፊ ማስረጃዎቹ አንዱ የገንዘብ ክፍፍል ነው፦ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ገንዘብን በእኩል ማከፋፈልን ከ14 የረቀቁ ሞዴሎች ጋር አወዳድሮ፣ በወጥነት የበለጠው አንድም አላገኘም። አክሲዮን ገበያው ገና ለጋ በሆነበት፣ የዓመታት የዋጋ ታሪክ በሌለበት አገር ይህ ክርክር ክብደት አለው። ልብ መባል ያለበት ግን «እኩል አካፍል» የሚለው ደንብ የቀልብ ድምፅ አለመሆኑ ነው፤ ቀልብ የሚለው ሁልጊዜ «እዚህኛው ላይ ሁሉንም» ነው።

«አድሬበት ልንገርህ» የሚለው ልማድስ? በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ውስብስብ ውሳኔ ሳያስቡበት ሲተዉት የተሻለ ይወጣል ብሎ ዓለምን አዳርሶ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በብዙ ተሳታፊ ተደግሞ ሲሞከር ግን ያ ብልጫ አልተገኘም። ማደር የሚጠቅመው ግፊቱን ስለሚያበርድና ለመጠየቅ ጊዜ ስለሚሰጥ ነው፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም።

ስሜት የሚገራው እንዴት ነው?

ካህነማን በ1955 እ.ኤ.አ. ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ ለእስራኤል ጦር የምልምሎች ቃለ መጠይቅ እንዲያሻሽል ታዘዘ። ጠያቂዎቹ እስከዚያ ድረስ ምልምሉን አነጋግረው በአጠቃላይ ስሜታቸው ይፈርዱ ነበር፤ ውጤቱም ከንቱ ሆኖ ተገኘ። እሱ ስድስት ጠባያትን ለየ፤ ጠያቂው ለእያንዳንዱ ተራ በተራ ጥያቄ አቅርቦ ነጥብ ይሰጣል። ጠያቂዎቹ «ማሽን አደረግኸን» ብለው አጉረመረሙ። ስለዚህ አንድ ነገር ጨመረ፦ ስድስቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሰውየውን እንደ ወታደር አስቡት፣ ነጥብ ስጡ። በኋላ ሲታይ የስድስቱ ድምር ከድሮው ዘዴ በእጅጉ በለጠ። ያልተጠበቀው ግን ዓይን ጨፍኖ የተሰጠው ነጥብም ከድምሩ እኩል ጥሩ መሆኑ ነው። ያው የቀድሞው ከንቱ ስሜት፣ በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ጠቃሚ ሆነ።

የቡና ቀማሹም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ንጽሕናውን፣ ኮምጣጣነቱን፣ ውፍረቱን ለየብቻ ይመዝናል፤ አጠቃላይ ስሜቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለሠራተኛ ቅጥር፣ ለተከራይ፣ ለሽርክና ይህን መዋስ ወጪ የለውም። የሚጠይቀው አንድ ወረቀትና ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥቱ ከወረቀቱ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ስሜቱ ሰውየው በር እንደከፈተ ይደርሳል።

እርማት ለሌለበት ሥራ ደግሞ እርማቱን መፍጠር ይቻላል። ግምትን ውጤቱ ሳይታወቅ መጻፍ ነው፤ «ይህ ደንበኛ ዱቤውን በወሩ ይመልሳል»፣ «ይህ ዕቃ እስከ ፋሲካ ያልቃል» ብሎ ከነቀኑ። ባለሱቆች የዱቤ ደብተር አላቸው፤ ከስሙ ጎን የራስን ግምት መጨመር ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በየትኛው ዓይነት ጉዳይ ቀልብ እንደሚያውቅ፣ በየትኛው እንደሚገምት ይለያል። ትዝታ ይህን ሥራ አይሠራልንም፤ ውጤቱን ካወቀ በኋላ የቀድሞ ግምቱን አስተካክሎ ያስታውሳልና።

በሃይማኖት መንገድ የሚሄዱ ሰዎች ስለ ውስጣዊ ድምፅ የሚሉት ከዚህ የራቀ ይመስላል፤ ፈቃዱን የሚገልጸው ፈጣሪ ነው ይላሉ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ላይ የሚፈርደው ነገር የለውም። ነገር ግን በልማዱ ውስጥ አንድ የሚስተዋል ነገር አለ። ውሳኔ ሲቸግረው ምሪት ለመለመን ኢስቲኻራ የሚባለውን ሰላት የሚሰግድ ሙስሊም ከሰላቱ ጋር ዐዋቂን እንዲያማክር ይመከራል፤ ኦርቶዶክሱም የልቡን ሐሳብ ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል። በሁለቱም ዘንድ የልብ ዝንባሌ ብቻውን አይተውም።

ደብተር የማይሠራበት አንድ ዓይነት ውሳኔ ይቀራል፤ በዕድሜ አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰነው። ማንም ሰው አፓርታማ ደጋግሞ ገዝቶ ቀልቡን ሊያሰለጥን አይችልም። እዚህ ያለው አማራጭ የሌሎችን እርማት መዋስ ነው። የማሳያ ቤቱ መብራትና የሶፋው ልስላሴ ስሜት ይሰጣሉ፤ ስለ ግንባታው ግን አይናገሩም። ያው አልሚ ቀደም ብሎ ያስረከበው ሕንጻ ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሄዶ ጥበቃውንና በሊፍቱ የሚወጡትን ነዋሪዎች ማነጋገር ይቻላል፦ በውሉ የተባለው ቀን መቼ ነበር፣ ቁልፍ የተቀበሉት መቼ ነው፣ ውኃ ስንተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል፣ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል ወይስ የኮሪደሩን መብራት ብቻ፣ ካርታው በስማቸው ወጥቷል ወይ። ጥቂት ሰዎች ተመሳሳይ መልስ ከሰጡ በኋላ ወደ ማሳያ ቤቱ መመለስና ያን ጊዜ ውስጥ የሚለውን መስማት ይቻላል።